በአቡጀዲው ላይ የተጻፈው

መካነ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለየሻለም፣ ኦቦክ፣ ጅቡቲ።

እግዚአብሔር ከዚያ ሙቀት ይከልልሽ፣ እንጀራሽን ያስፋልሽ፣ አንድ ቀን ለአገርሽ መሬት ያብቃሽ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ደህና ነን። ውርጩ ባቄላውን መታው እንጂ እኛን አልመታንም።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወራት አለፉ፤ ስልኩም ሲያሰኘው ይጠራል፣ ሲያሰኘው ዝም ይላል። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በሰው እጅ መላላክ ጀምረናል። ይህችን የሚያደርስልሽ አብዱራህማን የሚባል የከላላ ልጅ ነው፤ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። ተማሪዬ ነበር። ካርታ አላጠናህም ብዬ ስንት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ፤ አሁን ከእኔ በላይ ካርታውን የሚያውቀው እሱ ሆኗል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሲኒማ ቤት ከፍቷል ብለውሽ ከሆነ ቀልደውብሻል። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ሳይቀጥራቸው በራሳቸው ጥረት ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ቴሌቪዥን አያሳይላቸውም፤ እኔ አሳይላቸዋለሁ። በገበያ ቀን ሰው ሸጦ ገዝቶ ሲያበቃ፣ በድሮው የገበሬ ማኅበር አዳራሽ መስኮቶቹን በባና እንጋርድና አቡጀዲ ወጥረን እናሳያለን። ኮምፒዩተሩን የምትነካው ፈርሂያ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። የእኔ ሥራ ጄኔሬተሩን መለማመጥና ከፊልሙ በኋላ ውይይቱን መምራት ነው። ባለፈው ስለ ድንች በሽታ የተሠራ አሳየን። አንድ የከላላ ገበሬ ከመቀመጫው ተነሥቶ አቡጀዲው ላይ ያለውን ገበሬ «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ አድርገህ ከቀበርከው ታዲያ ምን ሊሆን ነው፣ ይበሰብሳል እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ለትምህርቴ እንዲህ የተቆጣልኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በላይ የሚባለው ፊልም ሠሪ ሰሞኑን በአውቶቡስ በላከልን ፍላሽ መጨረሻ ላይ የሁለት ደቂቃ ቅንጫቢ አለ። «በቅርቡ የሚጠናቀቅ» ይላል፤ እናንተ ዘንድ ኦቦክ የተቀረጸ ነው። ፈርሂያ ስትከፍተው ማንን ባይ ጥሩ ነው? ይሄነውን! የእህቴን የአልታየችን ልጅ! ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በቆርቆሮ ኩባያ ሻይ ይዞ ይስቃል። ጢም አብቅሏል። የሚናገረው አይሰማም፤ ሙዚቃ አልብሰውበታል። መጨረሻ ላይ «ምስጋና ለየሻለም» የሚል አነበብኩ።

እንግዲህ ልጁ ከቤት ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ድምፁ ከተሰማ ስምንት ወር። እናቱ እንዴት እንደከረመች አልነግርሽም። አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ፣ አይተሽው፣ ሻይ አጠጥተሽው አንዲት ቃል አለመላክሽ ቅር ብሎኛል። ግን ይቅር። ለእትዬ አልታየች ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ከስቷል?» ብላ ነው። ቀጥላ አስማለችኝ። «ሙሉው ፊልም ሲመጣ ከእኔ በፊት ማንም እንዳያየው። የወለድኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የማየውም እኔ ነኝ» አለች። በሚካኤል ማልኩላት።

ስለዚህ ፊልሙ አልቆ ከሆነ እንዲላክልን በላይን አማልጂን። ይሄነውም አሁን የት እንዳለ ጻፊልኝ። ባሕሩን ተሻግሮ ከሆነም ተሻገረ በይኝ፤ አልቆጣም።

ወንድምሽ አስናቀው


ኦቦክ፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አስናቀው።

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ቤትዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ፤ የአዳራሹንም ሥራ ይባርክልዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አሁንም እዚያው ክሊኒኩ ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ስለ ድንቹ የጻፉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ይሄነው እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። መስከረምን አብረን ነበርን። በላይም የቀረጸው ያን ጊዜ ነው። ፊልሙን በተመለከተ ድምፁ ገና አልተስተካከለም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቢቆዩ ይሻላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲቸኩሉበት አያምርም።

ከዚህ ጋር ለንስሐ አባታችን ለመምሬ አምላኩ የታሸገ ደብዳቤ ልኬያለሁ። የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ በእጃቸው ያድርሱልኝ። አደራዎን፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ።

ለእትዬ አልታየች ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ሌላ ምን እንደምላቸው አላውቅም።

እህትዎ የሻለም


(በዚያው ፖስታ ውስጥ፣ የታሸገ)

ለአባቴ ለመምሬ አምላኩ። ይባርኩኝ፣ ይፍቱኝም።

ይሄነው አርፏል። ጥቅምት 6 ቀን ነው። የተሳፈረባት ጀልባ ከዳርቻው ብዙ ሳትርቅ ተገለበጠች። በማግስቱ ባሕሩ መልሶ አወጣው። አይቼው ለየሁት፤ ስቼ እንዳይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። እሱው ነው።

አባቴ፣ አራት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ክፉ ሆኜ አይደለም። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ በስልክም አይነገርም። በአካል መጥቶ የሚነግርልኝ የታመነ ሰው ስፈልግ መንገዱ ተዘጋ። ለጋሼ አስናቀው እንዳልጽፍ ከእህታቸው ጋር የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው። ፊታቸው ይናገርባቸዋል። ደግሞም አጎቱ ናቸው፤ ለእሳቸውም የሚያረዳቸው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ እርስዎ ሽማግሌ ሰብስበው፣ ቀን መርጠው፣ እናቱን ዘመድ ከግራ ከቀኝ ይዟት፣ ጎህ ሲቀድ በወጉ ያርዱልኝ።

አንድ ነገር ያስፈራኛል። ልጁ አንድ ፊልም ላይ አለ፤ መሞቱም መጨረሻው ላይ ተጽፏል። ፊልሙን ለሠራው ለበላይ፣ የይሄነው ቤተሰብ በንስሐ አባታቸው በኩል ይረዳሉ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ፊልሙ ሳይደርስ ይቅደሙልኝ።

ልጅዎ የሻለም


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየሻለም።

ጾሙን የምሕረትና የበረከት ያድርግልሽ። ዛሬ ገባ። እኛም ሽሮአችንን ይዘን ተቀምጠናል።

ደብዳቤሽ በየካቲት መጨረሻ ደረሰኝ። የመምሬ አምላኩን በእጃቸው ለመስጠት አልቻልኩም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ለሕክምና ደሴ ወርደው ልጃቸው ዘንድ ናቸው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል። እስኪመለሱ የፕሮጀክተሩ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ እዚያ አይጥም ሰውም አይደርስበትም። ስለት ይሆናል ብዬ ምንነቱን አልጠየቅሁሽም። የሰው ንስሐ ከፍቼ የማነብ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ።

እትዬ አልታየችን ብታዪያት ትገረሚ ነበር። ፊልሙ ገና ሳይመጣ ቀሚስ አሰፍታለች። «ልጄ ያየኛል እኮ» ትላለች። «እትዬ፣ አንቺ ነሽ የምታይው እንጂ እሱ አያይሽም» ብላት «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» አለችኝ። አሁን በየገበያው ቀን አዳራሹ ትመጣለች፤ ልምምድ መሆኑ ነው። ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ማንበብ ስለማትችል አቡጀዲው ላይ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ዞር ብላ «ምን ይላል?» ትለኛለች፤ እኔም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ሌሎቹም ለመዱትና አሁን ፊደል ላልቆጠረ ሁሉ አንባቢ ሆኛለሁ። ፈርሂያ «ጋሼ፣ ከጽሑፉ ያስረዝሙታል» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው፣ ደረቅ ሲሆንብኝ ትንሽ አጣፍጠዋለሁ።

አሁን አንቺን ልጠይቅ። ስለ ልጁ ጻፊልኝ ብልሽ «መስከረምን አብረን ነበርን» ብለሽ አለፍሽው። እናንተ ዘንድ ከመስከረም ቀጥሎ ጥቅምት የለም እንዴ? ወደ የት ሄደ? ደግሞ «ቢቆዩ ይሻላል» ማለት ምን ማለት ነው? ድምፁ ባይስተካከል እኛ ምን ቸገረን፤ የጄኔሬተሩ ጩኸት እንደሆነ ሁሉን እኩል ያደርገዋል። ላኪልን፣ እባክሽ። ሴትዮዋ በቀን በቀን ትጠይቀኛለች፤ የምመልሰው እያጣሁ ነው።

ወንድምሽ አስናቀው


ኦቦክ፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አስናቀው።

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ጤናዎን በቅጡ ሳልጠይቅ በቀጥታ ወደ ነገሩ ስለገባሁ ይቅር ይበሉኝ፤ አብዱራህማን ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

መምሬ እዚያ አለመኖራቸውን አነበብኩ። ያን ደብዳቤ በታመነ ሰው ደሴ ድረስ ይላኩልኝ። ማየት ካልቻሉ ልጃቸው ያንብብላቸው፤ እሱም ቄስ ነው አሉ። እሳቸው ሳይሰሙት ፊልሙን እንዳያሳዩ። ቢመጣልዎም እንዳያሳዩ። ምክንያቱን አይጠይቁኝ፤ ቢጠይቁኝም እኔ የምነግርዎ ነገር አይደለም።

ራሴ ልመጣ አስቤ ነበር። ወረቀቴ ግን ከወጣሁ የሚያስመልሰኝ አይደለም፤ እዚህም በእኔ እጅ የሚበሉ ሁለት ልጆች አሉኝ። ይህንንም እንደ ሰበብ እንዳይቆጥሩብኝ።

እትዬ ቀሚስ ማሰፋታቸውን ባይጽፉልኝ ይሻለኝ ነበር።

እህትዎ የሻለም


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ የሻለም።

ለደህንነትሽ ፈጣሪ ያስብልሽ። እኛን እንደሆነ ረስተሽናል።

ከጻፍኩልሽ ሰባተኛው ሳምንት ነው። መልስ የለም። መንገዱ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ሌላው ሰው ከጅቡቲ ይላክለታል፣ ጨርቅም ቴምርም ይመጣል። ወረቀት ብቻ ነው የማያልፈው? እኔ እንደገባኝ ከፊልም ሠሪዎቹ ጋር ስምሽ ከተጻፈ ወዲህ እኛ የገጠሮቹ ቀለልንብሽ። ወይ ደግሞ ልጁን አንድ የማይሆን ነገር ውስጥ ከተሽው፣ እሱን ነው የምትሸሽጊው። እሥር ቤት ከሆነም ንገሪን፤ ስንት የወሎ ልጅ ታስሮ ወጥቷል። ሻይ ያጠጣሽውን ልጅ ከእናቱ መደበቅሽ ግን እስክሞት አይገባኝም።

ለማንኛውም ያላንቺ ተሳክቶልናል። ፈርሂያ ደሴ ስትሄድ ስልክ ሠርቶላት ከበላይ ጋር ተነጋገረች። ጨዋ ልጅ ነው፤ ፊልሙ የተጠናቀቀው ገና አሁን ነው አላት፤ ተጓዦቹ በተነሡበት አገር እንዲታይለት እንደሚፈልግም ነገራት። መጀመሪያ ግን የይሄነው እናት ፈቃድ ይቅደም ብሎ ወረቀት ላከ። «ልጄ ይሄነው ያለበት ፊልም በአካባቢያችን እንዲታይ ፈቅጃለሁ» ይላል። አነበብኩላት፤ እትዬ አውራ ጣቷን አጥቅሳ እስክሪቢቶ እንደያዘ ሰው ተጠንቅቃ ፈረመች። ከወረቀቱ በኋላ ፍላሹ መጣ። በላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጨምሮበታል፤ «ለእናቱ ብርታቱን ይስጥልኝ» ይላል። ልጇ ከራቃት እናት ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ከዚህ ልጅ ብትማሪ ጥሩ ነበር።

መሐላዬን ጠብቄአለሁ። ፈርሂያ ፍላሹ መሥራቱን ለማየት ገና ባሕሩ ብቅ ሲል ዘጋችው። እኔም ሌላም አላየንም። ከፋሲካ በኋላ ግንቦት 10 በገበያው ቀን እናሳያለን። ከደጎሎ ዘመድ ይመጣል፤ በድምፅ ማጉያም አስነግሬአለሁ፣ «የእኛው ልጅ የታየበት» ብዬ። አየሽ፣ ድብቅ ነገር የለብንም።

ካየን በኋላ እጽፍልሽ ይሆናል።

አስናቀው


ኦቦክ፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ አስናቀው፣

የሚያዝያ 15 ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ቀኑን አየሁት። ከትናንት ወዲያ ነበር።

ስልክ ስሞክር ዋልኩ፤ አይገባም። ወግ አፈርሳለሁ፣ ይሙት ወጉ። ይሄነው የለም። ሞቷል። ጥቅምት 6። ለመምሬ የላክሁት ደብዳቤ ይህ ነው፤ ሳጥንዎ ውስጥ ያለው። ለእርስዎ በየካቲት ብጽፍልዎ ኖሮ!

ምናልባት ዝናብ ጥሎ፣ ምናልባት ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ አላሳያችሁ እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው። አላሳያችሁ እንደሆነ እባክዎን አታሳዩ።

የሻለም


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

የሻለም፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ይለፈኝ።

የመጋቢት 24 ደብዳቤሽ እጄ የገባው ግንቦት 13 ነው። አብዱራህማን መንገድ ተዘግቶበት ከነጭነቱ ሚሌ ላይ ቆሞ ከርሟል። የግንቦት 12ቱ ትናንት መጣ። በሚያዝያ የጻፍኩብሽን ሁሉ ይቅር በይኝ፤ ያን ደብዳቤ ቅደጂው። አሁን የምጽፈውን እትዬ አልታየች አጠገቤ ተቀምጣ ታስጽፈኛለች። ስጨርስ ፈርሂያ መልሳ ታነብላታለች። ለምን እኔ እንዳልሆንኩ ይገባሻል።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እትዬ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ናት። ባሕሩ ሲታይ ሰው «ኧረ ውሃ!» አለ። ከዚያ ይሄነው መጣ። ከመቀመጫዋ ተነሥታ «መጣ! መጣልኝ!» ስትል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ልጁ ሻዩን እየጠጣ ይናገራል፤ በቅንጫቢው ያልተሰማው ይኸው ነው። «እናቴ ማንበብ አትችልም» ይላል። «ደብዳቤ ብጽፍላት የሚያነብላት አጎቴ ነው፤ እሱ ደግሞ ያልጻፍኩትን ሁሉ ጨምሮ ያሳምርላታል።» ሰው ሁሉ ዞሮ በእኔ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እትዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሌሎችም ልጆች ታዩ፤ ብዙ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ይሄነው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ውሃው ሲሄድ ይታያል። አቡጀዲው ጠቆረ። ነጭ ጽሑፍ ወጣበት፦

ይሄነው ይህ በተቀረጸ በአሥራ ሰባተኛው ቀን
የተሳፈረባት ጀልባ ተገልብጣ ሕይወቱ አልፏል።
የተቀበረው ኦቦክ ነው። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነበር።

ፊደል የቆጠረ ሁሉ አነበበ። እትዬ እንደ ልማዷ ዞር አለች፤ ገና ሳቁ ከፊቷ አልወረደም። «ምን ይላል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ገና በቀን ነው። ቄስ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ አልያዛት። እናት እንዲህ አትረዳም አልኩ በልቤ። «ስለ ተባበራችሁን እናመሰግናለን ይላል» አልኳት። ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። የሚያለቅሱት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው በሌላ እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ ያጨበጭቡ ነበር። እሷም አብራ አጨበጨበች።

ፕሮጀክተሩን ስመልስ የመምሬን ደብዳቤ ከገመዱ ሥር አገኘሁት። አልከፈትኩትም። መክፈት አላስፈለገኝም።

ለማርዳት ሌላ ቄስ ከገጠር እስኪመጣልን ሁለት ቀን ቆየን። በሁለቱ ቀን ከተማው ሁሉ ወደ ግቢያችን ጎረፈ። ብቻዋን እንዳትሆን ብለው ነው፤ ሰበብ ግን ያስፈልጋቸዋል። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽን በዓይንሽ አየሽ» ይሏታል። እሷም እየሳመች ታስገባለች፣ ጢሙ እንዴት እንዳማረበት ትነግራቸዋለች። እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ይህን አይ ነበር።

ግንቦት 12 ጎህ ሲቀድ ቄሱ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ አድማሴና እኔ ሄድን። በሩን ሳንመታ ከፈተችው። የለበሰችው ጥቁሩን ነው። አድማሴ «እንዴት አደርሽ፣ እግዚአብሔር እንግዲህ...» ብሎ ሲጀምር እጇን አነሣችበት።

«ቆይ አንተ። አስናቀው፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ መቁጠር ግን እችላለሁ። ሦስት መስመር ነበር። ለአንድ ምስጋና ሦስት መስመር አይጻፍም። በል አሁን አንብብልኝ።»

አቡጀዲ የለም፣ ወረቀት የለም። ግን ተጽፎብኛል። ደጃፏ ላይ ቆሜ ሦስቱን መስመር አነበብኩላት። «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ አልጽፍልሽም።

በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኛው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ ሞቶ ሁለት ቀን አሳቃችሁኝ» አለች። እኔ ፊልም ማሳየቱን እንደተውኩት ስነግራት ደግሞ ተቆጣች። «ለምን ትተዋለህ? ከላላም ደጎሎም ውሰዱት፤ ሊሄድ የተነሣ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ትየው። ጽሑፉን ግን ፈርሂያ ታንብበው። አንተ አታንብብ» አለችኝ። ደብዳቤም ከእንግዲህ የሚያነብላት እኔ አይደለሁም። እህቴ ናት፣ ምግቤን ትሰጠኛለች፣ ደህና አደርክ ትለኛለች። እምነቷን ግን ወሰደችብኝ፤ ደግሞም አልፈረድኩባትም።

ቃል በቃል ጻፍ ያለችኝ ይህ ነው፦ «የሻለም፣ ሦስት ነገር ንገሪኝ። ማን ገነዘው? ሲሄድ ርቦት ነበር? ጠርቶኛል? የማታውቂውን አትጻፊ። የምታውቂውን አታስቀሪ።»

አስናቀው


ኦቦክ፣ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አልታየች።

ፈርሂያ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ነሽ አሉኝ። አንተዋወቅም። የሚከብድሽ ቦታ ላይ ስትደርሺ ቆም በይና እንደገና ቀጥዪ፤ ብቻ አትዝለዪው።

እትዬ፣ የገነዝኩት እኔ ነኝ። ሁለት የክሊኒኩ ሴቶች አግዘውኛል። ጨዉን በንጹሕ ውሃ አጠብነው። ከፈን አልነበረኝም፤ በእኔው ነጠላ ጠቀለልነው። ቄስ አልነበረም። የማውቀውን «አቡነ ዘበሰማያት» አልኩለት፣ እሱንም መሐል ላይ ጠፋብኝ። የተቀበረው ከዳርቻው ከፍ ብሎ፣ ከሌሎች ሰባት ልጆች ጎን ነው። ሰባቱን አላወቅናቸውም። የእሱ ላይ ስሙን በቀለም ጽፌበታለሁ፤ ነፋሱ አሸዋ እያመጣ ስለሚፍቀው በየወሩ እደግመዋለሁ።

አዎ፣ ርቦት ነበር። ወደዚህ ሲመጣ በረሃውን በእግሩ ነው የተሻገረው፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ቀን ቀና ማለት አቅቶት ተኝቶ ነው የበላው። በኋላ አገገመ፤ ፊልሙ ላይ ያዩት ያን ጊዜ ነው። የሄደ ዕለት ግን ምስር በልቶ ነው የወጣው። ሁለት ጊዜ አስጨምሯል።

ይደውልልዎ ዘንድ ለምኜው ነበር። ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ተሻግሬ ነው የምደውለው። ባዶ እጄን ሆኜ ድምፄን አላሰማትም» አለኝ። እኔም ልጅ ነው፣ ይሁን ብዬ ተውኩት። ያን ቀን ራሴ ብደውልልዎ ኖሮ ድምፁን ይሰሙ ነበር። ይህን አልጠየቁኝም፤ ግን የማውቀውን እንዳላስቀር ስላሉኝ ነው።

ስምንት ወር ዝም ማለቴን ወግ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ቆየሁ። ግማሹ ወግ ነው። ግማሹ ፍርሃት ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ላይ አምስት ቀን ቆየሁ። ጠርቶዎታል ብዬ ብጽፍ ለሁለታችንም ይቀለን ነበር። ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ስለ ሻዩ አመስግኖኝ ጀሪካኑን አንሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ጀልባዋ ላይ አልነበርኩም። ጠርቶዎት እንደሆነ አላውቅም።

የሻለም